ሳይጠብቅ አይነዳም

ጡረታ የወጣሁ ዕለት ጋቢ አለበሱኝ። ጋቢው ጥሩ ነው፤ ይሞቃል። በጋቢው ላይ ቂም የለኝም። ቂሜ በንግግሩ ላይ ነው።

ደብረ ማርቆስ ባለው የእርሻ መሣሪያ ጣቢያችን አዳራሽ ውስጥ አዲሱ ሥራ አስኪያጅ መድረክ ላይ ወጣና «ማንኛውም ማሽን ከበር ከመውጣቱ በፊት ምላጩ የሚፈተሽበት አሠራር በአስተዳደሩ ተጠንቶ፣ በአስተዳደሩ ተቀርጾ፣ ዛሬ ለሌሎች ጣቢያዎች ተሞክሮ ሆኗል» አለ። አዳራሹ አጨበጨበ። ፊት ወንበር ላይ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ በክብር እንግድነት ተቀምጧል። እሱም አጨበጨበ፤ ያውም ከሁሉም አስበልጦ! አዲሱ ልጅ ከሌላ አገር የመጣ ነው፤ የሰጡትን ነው ያነበበው፤ በሱ አልፈርድም። ያኛው ግን ያውቃል። ያንን አሠራር ማን እንዳመጣው፣ ሰውዬውን ምን እንዳደረጋቸው፣ ሁሉንም ያውቃል። እያወቀ አጨበጨበ።

በዚህ ጽሑፍ አንቱ አልለውም። ሥልጣን ላይ ሳለ በቂ ብያለሁ።

አንጓች እባላለሁ። የሥራ ዘመኔን በሙሉ የጨረስኩት በዚሁ ጣቢያ ነው፤ አንዳንዴ ቁይ፣ አንዳንዴ ይጁቤ እያዘዋወሩኝ፣ ክረምት ክረምት ማሽኑን ተከትዬ ገጠር እየወረድኩ። ደመወዙን ተዉት፣ አይወራም። የተቀጠርኩት ዕቃ ለማጠብ ነበር፤ ግራሶ የለበሰ ብረት በናፍጣ ማጠብ። መካኒክ እሆናለሁ ብዬ አልተነሳሁም። ያደረጉኝ የኔታ ናቸው።

የኔታ የምንላቸው ዋናው መካኒካችን ልየው ተገኘ ናቸው። ወጣት ሳሉ ቅኔ ቤት ነበሩ፤ ከዚያ ወጥተው ትራክተር ቤት ገቡ። ምነው ቅኔውን ተዉት ሲባሉ «ማን ተወው? ብራናው ተወዶብኝ በብረት ላይ ነው የምቀኘው» ይላሉ። ትሑት ሰው እንዳይመስሏችሁ። ኩሩ ናቸው፤ ቁጡ ናቸው፤ የሠሩትን ሥራ ራሳቸው ያወድሳሉ። አንድ ቀን አጥቤ ያስቀመጥኩትን ብረት አነሱና «አንች ልጅ፣ ይህን ስታጥቢ ምን አየሽ?» አሉኝ። «እዚህ ጋ ተሰንጥቋል፤ ጨርቁን ይይዘዋል» አልኩ። ብረቱን አገላብጠው አዩና ለዕቃ ክፍሉ ኃላፊ «ይችን ልጅ ወስጃታለሁ፤ ሌላ አጣቢ ፈልግ» አሉት። ፈቃድ አልጠየቁም፤ እኔንም ጭምር።

ልማድ ነበራቸው። ጧት ገብተው ማሽኑን አንድ ጊዜ ሳይዞሩ ለሰው ሰላምታ አይሰጡም። መስክ ስንወርድ ደግሞ መጀመሪያ የሚያደርጉት አፈር መዝገን ነው። ጭብጥ አድርገው ይለቁታል። ከእጃቸው ላይ ከተፈረፈረ «ግቡ» ይላሉ። የጣታቸውን ምልክት ይዞ እንደ ሊጥ ከተቀመጠ «ገና ነው» ብለው ዛፍ ሥር ይቀመጣሉ። ከዚያ በኋላ የሚያስነሳቸው የለም። አንገታቸው ላይ ከማተባቸው ጋር አንድ የተበሳች ባለ ሃምሳ ሳንቲም ያንጠለጥላሉ። ሰው ጌጥ ይመስለዋል። መለኪያቸው ናት።

የሳንቲሟን ነገር ለመናገር ማሽኑን ማስተዋወቅ አለብኝ። ማለስለሻ የምንለው ከትራክተር ኋላ ተጎትቶ የሚሄድ ነው። ፊቱ ላይ ጓል የሚሰብሩ ጥርሶች አሉት። ጭራው ላይ ደግሞ ሮለር አለ፤ ከብረት ቀለበቶች የተሠራ፣ እየተንከባለለ የተሰበረውን አፈር የሚደለድልና በልኩ የሚጫን። ያ ልክ ነው ዘሩን የሚያበቅለው። ታዲያ የእኛ አገር ዋልካ፣ ጥቁሩ አፈር፣ ይጣበቃል። ዋልካን የማያውቅ ሰው ክረምት ላይ አንድ እግር ጫማውን ሲያስቀርበት ይተዋወቀዋል። ለዚህ ሲባል በየቀለበቱ መካከል አንዳንድ ምላጭ ተሰልፏል፤ ሮለሩ በዞረ ቁጥር የለበሰውን ጭቃ ይፍቃል። ምላጩ ሮለሩን ከነካ ብረት ብረትን ይበላል። ከራቀ ደግሞ ጭቃው ያልፍና ቀለበቶቹ መካከል ይሞላል፤ ያን ጊዜ ሮለሩ በርሜል ይሆናል፤ መዞሩን ትቶ ይጎተታል።

«ጥርሱ ሰሙ ነው፤ ሮለሩ ወርቁ ነው» ይሉኝ ነበር የኔታ። «ሰው ሁሉ ፊት ቁሞ ጥርሱን ያያል። አንች ኋላ ሂጅና ወርቁን እይ።»

አስተካካሉን እንዲህ አስተማሩኝ። መጀመሪያ ሮለሩን በእጅ ማዞር። ክብ የሚባል ሮለር የለም፤ ድንጋይ ሲመታው ይጎብጣል። ጎባጣውን ፈልጎ በጠመኔ ምልክት ማድረግ፤ ምላጩ የሚስተካከለው በጎባጣው ላይ ነውና። ከዚያ ሳንቲሟን በምላጩና በቀለበቱ መካከል ማስገባት። ሳትላወስ ሳትታነቅ ማለፍ አለባት። ከዚያ የምላጩን ቡሎን ዳዶ ማጥበቅ። እዚህ ላይ ነው ብዙ ሰው የሚሳሳተው፤ ዳዶ ሲጠብቅ ምላጩን ይዞት ይሄዳል፣ ወደ ሮለሩ ያስጠጋዋል። ስለዚህ በግራ እጅ ምላጩን ወደ ኋላ ይዞ በቀኝ ማጥበቅ፤ ከጠበቀ በኋላ ሳንቲሟን እንደገና ማስገባት። እምቢ ካለች ሥራው እንደ አዲስ ይጀመራል። «ሳንቲሟን የማያሳልፍ ቋጣሪ ነው፤ ሁለት ሳንቲም የሚያሳልፍ አባካኝ ነው። ምላጭ ባለትዳር ይምሰል» ይሉ ነበር።

አንድ በጋ ነጭ ቀለም ይዘው በማለስለሻው ግንባር ላይ በትልልቁ ጻፉ፦ ሳይጠብቅ አይነዳም።

«የኔታ፣ ‹ብ› ጠብቃ ነው ላልታ የምትነበበው?» አልኳቸው።

ይህን ጥያቄ ሲጠብቁ ነበር መሰለኝ ፊታቸው በራ። «ላልታ ስትነበብ ቡሎኑ ይጠብቅ ትላለች። ጠብቃ ስትነበብ ነጅው ይጠብቅ፣ አፈሩ እስኪጠፈፍ ይታገሥ ትላለች። ሁለቱም ነው ልጄ። ቡሎኑ ጠብቆ ነጅው ካልጠበቀ ከንቱ፤ ነጅው ጠብቆ ቡሎኑ ካልጠበቀ ከንቱ።» ከዚያ ራሳቸውን አወደሱ። «ሁለት ቃል! አራት መስመር አልፈለገችም!»

ነጂዎቹ ሁሉ ሁለቱንም ንባብ ያውቁ ነበር። ያ ያጨበጨበው ሥራ አስኪያጅም ያውቅ ነበር፤ የኔታ ራሳቸው አስረድተውታል፣ ስቋል። ይህን ያዙልኝ።

ቁይ አካባቢ አያ ስንሻው የሚባሉ ገበሬ አሉ። ገበሬው መሬቱን በኩታ ገጠም አገጣጥሞ በማሽን ይዝራ በተባለ ጊዜ ጎረቤቶቻቸው ፈሩ። «ብረት መሬት ያጎድፋል» አሉ። አያ ስንሻው ናቸው «በኔ ይጀመር፣ ከበላሸ በኔ ይበላሽ» ብለው ማሳቸውን የሰጡት። ጣቢያው ይህን ሲሰማ የመስክ ቀን አዘጋጀ። ድንኳን ተተከለ፤ እንግዳ ተጠራ፤ ካሜራ የያዘም መጣ።

ሌሊቱን ዝናብ ዘንቦ አደረ። ጧት የኔታ አፈር ዘገኑ። እንደ ሊጥ እጃቸው ላይ ተቀመጠ። «ገና ነው» አሉና ዛፍ ሥር ሄዱ። የወረዳዋ የግብርና ባለሙያም እንደዚያው አለች፤ ጎበዝ ልጅ ነበረች፣ «ዛሬ ከተገባ አፈሩ ይታሸጋል፣ ነገ ከነገ ወዲያ ይሁን» ብላ ለመነች። እኔም አልኩ። ሥራ አስኪያጁ ሰዓቱን ያያል። እንግዶቹ መንገድ ላይ ናቸው።

«የኔታ፣ ይነሱ እንጂ!»

«አፈሩ አልደረሰም ጌታዬ። ጽሑፉ ሳይጠብቅ አይነዳም ነው የሚል።»

«ሳይጠብቅ ነው የሚለው፣ ልክ ነው» አለና ወደ ነጂው ዞረ። «በል አጥብቀው! ሁሉንም ቡሎን አጥብቅና ግባ!»

ነጂው ምን ያድርግ፣ የልጆች አባት ነው። መፍቻ አንስቶ ያለ ሳንቲም፣ ጎባጣውን ሳይፈልግ፣ እስኪበቃው አጠበቀው። እኔ «ተው! ምላጩ ሮለሩን ነክሷል!» እያልኩ ስጮህ ሥራ አስኪያጁ «ይችን ሴት ከካሜራው ፊት አንሱልኝ» አለ።

የመጀመሪያው መስመር ያምር ነበር። እንግዳው አጨበጨበ። ጎባጣው ሲደርስ ብረቱ ሲያፏጭ የሰማነው እኔና የኔታ ብቻ ነን። ሦስተኛው መስመር ላይ አንዱ ምላጭ ተገነጠለ፤ ሌሎቹም ተጣመሙ። ከዚያ ጭቃው ሞላ፤ ሮለሩ ቆመ። ትራክተሩ የቆመ ሮለር እየጎተተ ማሳውን ከዳር እዳር ለሰነው። መሬቱ እንደ ተለቀለቀ ወለል አበራ። እንግዶቹ ያን ጊዜ ድንኳን ውስጥ ምሳ ላይ ነበሩ። ሥራ አስኪያጁ ወጥቶ አየና፣ በእግዚአብሔር ስም እነግራችኋለሁ፣ «እንዴት ደልዳላ ሆኗል!» አለ። ዘሩም በዚያው ላይ ተዘራ።

ከሳምንታት በኋላ ከየኔታ ጋር ወረድን። ፀሐይ ሲመታው ላዩ ደርቆ ገል ሆኗል። አያ ስንሻው አልነበሩም። የኔታ ቁጢጥ ብለው ቅርፊቱን በጥፍራቸው ሲያነሱት ስንዴው ከሥሩ ነበር። በቅሏል፤ መውጫ አጥቶ እንደ ትል ተጠምዝዞ ቢጫ ሆኗል። እኔ በሕይወቴ ብዙ የተሰበረ ብረት አይቻለሁ፤ እንደዚያ ያለ ነገር አላየሁም። የኔታ አንዷን ቡቃያ አንስተው መዳፋቸው ላይ አስተኟት። ያን ቀን ስለ ራሳቸው ሥራ ምንም አላወሩም።

ጥፋተኛ ተፈለገ። ኮሚቴ ተቀመጠ። ዝናቡ አልተጠራም፣ ካሜራው አልተጠራም። ውሳኔው ምን አለ መሰላችሁ? «በማሽኑ ላይ የተጻፈው ጽሑፍ አሻሚ በመሆኑ ነጂውን አሳስቷል፤ ስለዚህ ጥፋቱ የጽሑፉ ባለቤት ነው።» አሻሚ! በጎጃም ምድር፣ ቅኔ ሲዘረፍ ያደገ ሰው ሁለት ትርጉም አሳሳተኝ ይላል! ጽሑፉ በብርቱካንማ ቀለም ተቀባ። የኔታ ከመካኒክነት ተነሱና ወደ በር ጥበቃ ተዛወሩ። ሥራ አስኪያጁ ውሳኔውን ሲነግራቸው እኔ እዚያው ነበርኩ። ፈገግ ብሎ «የኔታ፣ መጠበቅ ይወዱ የለ? እንግዲህ በር ይጠብቁ» አላቸው። ሁለት ሦስት ሰው ሳቀ። የሳቁትን ዛሬም አውቃቸዋለሁ።

እኔ አለቀስኩ፣ ተሳደብኩ፣ ሥራ እለቃለሁ አልኩ። የኔታ የጥበቃ ካፖርታቸውን ለብሰው በሩ ላይ በተዘረጋው ሰንሰለት አጠገብ አንድ የእንጨት ዱካ ላይ ተቀመጡ። ካፖርቱ ሰፍቷቸው ትከሻቸው ጠፍቶ ነበር።

በማግሥቱ አንድ ትራክተር ማለስለሻ ጎትቶ ሊወጣ መጣ። ነጂው የመውጫ ወረቀት ሰጣቸው። ወረቀቱን አዩ፤ ኪሳቸው ከተቱ፤ ሰንሰለቱን አልጣሉትም። ተነሥተው ወደ ማሽኑ ኋላ ሄዱ፤ ሮለሩን በእጃቸው አዞሩ፤ ከአንገታቸው ሳንቲሟን አውጥተው በየምላጩ መካከል ሰደዷት። አንዱ ላይ ዳዶው ላልቶ ምላጩ ወደ ሮለሩ ተጠግቷል፤ ሳንቲሟ እምቢ አለች።

«ይህ አልጠበቀም» አሉ። «ተመለስ።»

ነጂው ጮኸ። ሌላው ከኋላ ጡሩምባ ነፋ። ሥራ አስኪያጁ ከቢሮው ወርዶ መጣ። «የእርስዎ ሥራ ወረቀት ማየት ነው! ምላጭ ምን አገባዎት?»

የኔታ ካፖርታቸውን አስተካከሉ። «ጌታዬ፣ የመንግሥት ንብረት ጠብቅ ተብያለሁ። ንብረቱ ሳይጠብቅ ምኑን ጠበቅሁት?»

አሁን ደግሞ ማንም አልሳቀም። ሰውዬው ዞሮ ወደ ቢሮው ተመለሰ። በገዛ ቀልዱ ታነቀ። ጣቢያው ውስጥ ካለ ማሽን በዚያ በር የማያልፍ የለም፤ ሰውን አዋርዳለሁ ብሎ ቁልፉን ሰጣቸው። ትራክተሩ ተመለሰ፤ ምላጩን እኔ አስተካከልኩት። ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንም ነጂ ወደ በሩ ከመምጣቱ በፊት እኔ ጋ ይመጣ ነበር። የኔታ ከሰንሰለቱ ወዲያ ሆነው ይጠይቃሉ፦ «ጠብቋል?» ነጂው «ጠብቋል» ይላል። «የቱ?» ይላሉ። «ሁለቱም» ካላለ አያልፍም። የሚሄድበት መንደር ዝናብ ጥሎ እንደሆነም ከገበያተኛ ጠይቀው ያውቃሉ፤ በር ላይ ተቀምጦ የማይሰማ ወሬ የለም።

በዚያው ሰሞን አያ ስንሻው ዱላቸውን ይዘው መጡ። ከቁይ ድረስ። በሩ ላይ ቁመው «ልየው የሚሉት አንተ ነህ? መሬቴን ያሸግኸው? ስንዴዬን በሕይወቱ የቀበርኸው?» አሉ። የተነገራቸው እንደዚያ ነበር። ኮሚቴው ለገበሬው ጥፋተኛው መካኒኩ ነው ብሎ አስታውቋል። የኔታ ተነሥተው ቆሙ። ሰውዬው ዓመቱን አጥተዋል፤ ጎረቤት ስቆባቸዋል፤ የኔታ ያን ቁጣ መቀበል ያለበት አንድ ሰው መኖር አለበት ብለው ነው መሰለኝ ዝም አሉ። እኔ ግን እንደዚያ አይነት ጨዋነት የለኝም። እየሮጥኩ መጣሁ።

«አያ ስንሻው! እኒህ ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጠው አልገባም ያሉት ናቸው! እርስዎ እኮ እዚያው ነበሩ፤ አላዩም?»

አያ ስንሻው ዱላቸውን መሬት ላይ አቆሙ። «ዛፍ ሥር የነበሩት እርስዎ ነዎት?» አሉ፤ አንተነቱ ቀረ። «እኔ እኮ አንድ ሰነፍ ሠራተኛ ተቀምጧል ብየ ታዝቤ ነበር።» ከዚያ አፈሩን፣ ምላጩን፣ ጽሑፉን ሁሉ ነገርኳቸው። ስጨርስ ወደ ሰንሰለቱ አዩ። «ታዲያ እንደት በር ላይ ሆኑ?» አሉኝ።

በተከታዩ ክረምት ማሽን ቁይ ሲወርድ አያ ስንሻው ማሳቸው ጫፍ ላይ በሁለት እጃቸው ዱላቸውን አግድም ይዘው ቆመው ነበር። «ጠብቋል?» አሉ ነጂውን። ነገሩ ከማሳ ወደ ማሳ ሄደ። አሁን በዚያ አገር ያን ሳይጠይቅ ማሽን የሚያስገባ ገበሬ የለም፤ ከየት እንደመጣ የሚያውቀው ግን ጥቂት ነው።

የኔታ በጥበቃነታቸው ጡረታ ወጡ። ወደ መካኒክነታቸው አልመለሷቸውም፤ ይቅርታም የጠየቃቸው የለም። ሥራ አስኪያጁ አደገና ሄደ። ዛሬ የኔታ ይጁቤ ናቸው፤ ዓይናቸው ደክሟል፤ ቤተ ክርስቲያን ግቢ ውስጥ ከቅኔ ተማሪዎች ጋር ሲከራከሩ ይውላሉ። በጡረታዬ ቀን እንዲጠሩልኝ ለምኜ ነበር። «የተጋባዡ ቁጥር ሞልቷል» አሉኝ። ሄጄ በንዴት ስነግራቸው ሳቁ። «ተይው አንጓች። ሳንቲሟ ታልፋለች?» አሉኝ። «ታልፋለች» አልኩ። «ታዲያ ምን ቀረ?»

ስማቸው ቀረ! እሳቸው ትተውታል። እኔ አልተውኩም።

ስለዚህ በዚያ ቀን ከጭብጨባው በኋላ «ሁለት ቃል ተናገሪ» ብለው ድምፅ ማጉያውን ሲሰጡኝ «ይህን አሠራር ያመጡት…» ብዬ ጀመርኩ። መድረክ መሪው ምስጋናዬን የጨረስኩ መስሎት ይሁን ታዞ፣ ሙዚቃው ተለቀቀ። እስክስታ ተጀመረ። የሳቸው ስም አፌ ውስጥ ቀረ።

ከዚያ በጣቢያው መኪና ወደ ቤቴ ሸኙኝ። ጋቢዬን ተከናንቤ ከኋላ ተቀመጥኩ። በሩ ላይ ስንደርስ ሰንሰለቱ ተዘርግቷል። አዲስ የተቀጠረ ጠባቂ ነው፤ ገና አልለመደምና ለመኪናም ለትራክተርም ሳይለይ ጎንበስ ብሎ «ጠብቋል?» አለ።

ሹፌሩ ሳቀ። «እትየ አንጓችን ነው የጫንሁ፤ የሷ ምኗ ይጠብቃል? ጣለው።»

«አልጠበቀም!» አልኩ።

በሩን ከፍቼ ወረድኩ። «እትየ፣ ምን ጎደለ?» አለኝ ጠባቂው ደንግጦ።

«‹ጠብቋል› ማለትን ማን አስተማረህ?»

«መመሪያ ነው እትየ። የአስተዳደሩ መመሪያ።»

«መመሪያ አይደለም፤ ሰው ነው» አልኩት። ዱካው እዚያው ነበር፤ የኔታ ይቀመጡበት የነበረው። ተቀመጥኩበት። ስማቸውን ከነአባታቸው ነገርኩትና ድገመው አልኩት። «ልየው ተገኘ» አለ። ከዚያ ከዝናቡ ጀምሬ፣ ከተዘገነው አፈር ጀምሬ ልነግረው ያዝኩ። ልጁ ዓይኑን ከኔ ላይ አልነቀለም።

ከኋላችን ሌላ መኪና መጥቶ ቆመ። ጡሩምባ ነፋ። የኋላ መስኮቱ ወረደና የክብር እንግዳው፣ ያ የቀድሞው ሥራ አስኪያጅ፣ አንገቱን አወጣ፤ ምን እንደተፈጠረ ለማየት። እኔን ሲያይ መስኮቱን ዘጋው። ጡሩምባው እንደገና ተነፋ።

ጠባቂው ወደ መኪናው፣ ከዚያ ወደ እኔ አየ። «እትየ፣ ትልቅ እንግዳ ነው። ሰንሰለቱን ልጣለው?»

«ታሪኩ ገና ነው» አልኩት። «ይጠብቅ።»